በአባቴ ስም የመጣው ካሜራ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሕሊና ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና አንድ የካሜራ ሌንስ አሳየችኝ። ሌንሱ ያለው ዱባይ ነው። የጓደኛዋ ወንድም በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ ስለሚመጣ ገንዘቡ ቶሎ ከደረሰው ገዝቶ ይዞላት ይመጣል። እሷን ያስጨነቃት ሌላ ነው። «አባዬ፣ ዶላር ሳይጨምር አሁን ልግዛው ወይስ እስኪረጋጋ ልጠብቅ?» አለችኝ።

ዕድሜዬን በሙሉ ፎቶ ሳነሳ ነው የኖርኩት። ስለ ሌንሱ ብትጠይቀኝ ኖሮ ምሳ እስኪቀርብ ባወራሁላት ነበር። ምንዛሬ ላይ ግን ምክር መስጠት ቀርቶ ጥያቄውን ራሱ ይዤ መቆየት አልችልም፤ ጨመረ ሲሉኝ የቀነሰው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይጠፋብኛል። ጉሮሮዬን ጠርጌ ከአራተኛ ፎቅ ቁልቁል ወደ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ማየት ጀመርኩ። ታች ሴቶች ድንኳን ሥር ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ሠርግ ይሁን ተዝካር አላወቅሁም። ሕሊና እያሰብኩላት መስሏት በትዕግሥት ጠበቀችኝ። እኔ ግን በሐሳቤ የድሮ ሰፈራችን ጌጃ ሰፈር ሄጃለሁ። ጌጃ ሰፈር ከቤታችን በእግር የሚደረስበት ነው፤ የሄድኩበት ግን የዛሬው አልነበረም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ብዙ አልቆየም፤ አባቴ አቶ ተሰማ ከሞተ ደግሞ ገና ዓመት አልሞላውም። አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበር። ደመወዙን የሚያገኘው እዚያ ይሁን እንጂ ልቡ ያለው ሬዲዮው ዘንድ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ሬዲዮውን ይከፍትና አንቴናውን ወዲያ ወዲህ እያዞረ የሩቅ አገር ጣቢያ ይፈልጋል። ያገኘውን ጣቢያ፣ ሰዓቱንና የድምፁን ጥራት በእንግሊዝኛ ጽፎ ለጣቢያው ይልካል። እነሱም የምስጋና ካርድና የቀን መቁጠሪያ ይልኩለታል። ግድግዳችን ዓመታቸው ባለፈ፣ ወራቸው ከእኛ ወር ጋር በማይገጥም የቀን መቁጠሪያ ተሸፍኖ ነበር። «አንድ ቀን ደህና ዕቃ ይልኩልኛል» ይላታል እናቴን። እናቴ አስካለም «ደህናው ዕቃ እስኪመጣ ምስማር ግዛ» ትለዋለች፤ ለቀን መቁጠሪያው መስቀያ ማለቷ ነው።

ይህ ሁሉ የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ነበር። ቤታችን በሩ ላይ በቀለም የተጻፈ የቀበሌ ቁጥር ነበረው፤ ያንን ቁጥር ግን ከቀበሌው በቀር የሚያውቀው የለም። ለውጭ አገር ሰው አድራሻችን የአባቴ ስምና የሣጥኑ ቁጥር ብቻ ነው። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፏን በክር አንጠልጥሎ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል በእግሩ ወደ ዋናው ፖስታ ቤት ይወጣል፤ ሲመለስ ደብዳቤ ካገኘ አረማመዱ ከሩቅ ያስታውቃል። እሱ ሲሞት ቁልፏን እኔ ወሰድኩ። ኪራዩን በስሙ እከፍላለሁ፣ ሣጥኑን እከፍታለሁ፣ መሞቱን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሣጥኑን ይዘጉብኛል ብዬ ነበር። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ በዚያ ፖስታ ቤት አባቴ ገና አልሞተም።

የምሠራው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ጋሽ በቀለ የሚባሉ ሰው ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ጋሽ በቀለ አንድ ካሜራ ነበራቸው፤ ከማቆሚያ እግሩ ላይ ተነሥቶ አያውቅም። መታወቂያ ሊያወጣ የመጣውን ሁሉ ከሰማያዊ መጋረጃ ፊት አስቀምጠን ጉርድ እናነሳለን። ሠርግ አንሡልን፣ ክርስትና አንሡልን የሚሉንን እንመልሳለን። ያን ዓመት በፋሲካ ማግስት ጋሽ በቀለ ዐይናቸው እየደከመ ስለሆነ ለአዲስ ዓመት ፎቶ ቤቱን ዘግተው ለባለሱቅ ሊያከራዩት እንደሆነ ነገሩኝ። ነገሩ ገባኝ። የራሴ ካሜራ ከሌለኝ ሥራ የለኝም፤ እኔ ሥራ ከሌለኝ ደግሞ እናቴ በአባቴ ጡረታ ብቻ ልትኖር ነው። የአባቴ ጡረታ ሁለት ሰው አይችልም።

በዚያው ሰሞን ነው ብር ሊወርድ ነው የሚባል ወሬ የተነሣው። ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ ልደታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይወራል። ካሜራ አሁን ልግዛ ወይ ብዬ ጋሽ በቀለን ብጠይቃቸው ታገሥ አሉኝ፤ ብር ከወረደ ዕቃውም አብሮ ይወርዳል፣ ያኔ በርካሽ ትገዛለህ። ደስ ብሎኝ ስሄድ ጌጃ ሰፈር ጥጥና ክር የሚሸጡት ሐጂ ሰዒድ ዘንድ ጎራ አልኩ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፣ የወንድማቸውም ልጅ ዱባይ ይነግዳል። የጋሽ በቀለን ምክር ስነግራቸው የሚመዝኑትን ጥጥ አስቀምጠው አዩኝ። «ዳኜ፣ የምትገዛው በውጭ አገር ገንዘብ ነው። የእኛ ብር ሲረክስ ለዚያው ካሜራ የምትቆጥረው ብር ይበዛብሃል። አሁን ካልገዛህ አትገዛውም» አሉኝ። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ፍጹም ገባኝ። ጠመንጃ ያዥ ስደርስ ጠፋኝ። ተመልሼ ሄጄ እንደገና አስረዱኝ፤ እንደገና ገባኝ፣ እንደገናም ጠፋኝ። በመጨረሻ ነገሩ ሳይገባኝ ሐጂን አመንኩ፤ ከጋሽ በቀለ ይልቅ ሐጂ ሀብታም ስለነበሩ።

ያጠራቀምኩት የካሜራውን ዋጋ ግማሽ አይሞላም። ቤት ውስጥ ዋጋ ያለው ዕቃ ያ ሬዲዮ ብቻ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ማንም ከፍቶት አያውቅም፤ እናቴ ግን ጠዋት ጠዋት አቧራውን ጠርጋ ዳንቴሏን ታለብሰዋለች። አንድ ቀን እሷ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በጆንያ ጠቅልዬ ሐጂ ሱቅ ወሰድኩት። ሐጂ አልገዛውም አሉ። «በአደራ ይቀመጥ፤ ሲሞላልህ ትወስደዋለህ» ብለው መደርደሪያው ጥግ፣ ከጥጡ ኋላ አስቀመጡትና የጎደለውን ሞሉልኝ። የወንድማቸው ልጅ ካሜራውን ዱባይ ገዝቶ በፖስታ እንዲልክ ተስማማን፤ ያኔ የሚመጣ መንገደኛ አልተገኘም። አድራሻ ጻፍ ሲሉኝ የአባቴን አሮጌ ፖስታ አውጥቼ እንዳለ ገለበጥኩት፣ ስሙን ጨምሮ። ሣጥኑ በአባቴ ስም ስለሆነ በሌላ ሰው ስም የተላከ ዕቃ ይመለሳል ብዬ ነው የገመትኩት።

እናቴ ስትመለስ ዳንቴሉን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። ሬዲዮው የት እንደገባ ጠየቀችኝ። ድምፁ ይንኮሻኮሽ ስለነበር ለጥገና ሰጥቼዋለሁ አልኳት።

«ሳንከፍተው በምን አወቅህ?» አለችኝ።

መልሴን አልጠበቀችም። ዳንቴሉን አጣጥፋ አስቀመጠችው።

ክረምቱ ገባ። የዚያን ክረምት ጭቃ አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን ነበር የምንሄደው። መንገድ ዳር በቆሎ እሸት ይጠበሳል፤ እየገዛሁ እናቴ ዘንድ እየወሰድኩ ደጃፍ ተቀምጠን ዝናቡን እያየን እንበላለን። እናቴ እንዝርቷን ከእጇ ለይታ አታውቅም። ሌላ ክረምት እንዲህ ስትፈትል አላየኋትም። ለእኔ ጋቢ ልታሠራልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ፣ ትንሽም አፈርኩ። አልፎ አልፎ «ሬዲዮው አልተጠገነም?» ትለኛለች፤ እኔም መለዋወጫ ዕቃ ጠፍቶ ነው እላታለሁ። እሺ ብላ መፍተሏን ትቀጥላለች።

በዚህ መካከል ብር ወረደ። ዜናውን ፎቶ ቤት ውስጥ ሆነን ሰማን። ጋሽ በቀለ ታገሥ ያሉኝን ረስተው ከወንበራቸው ተነሥተው ጨበጡኝ፤ አተረፍክ፣ በጊዜ ነው የገዛኸው አሉኝ። ጠመንጃ ያዥ ያለ የሚያውቀኝ ሰውም እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። እኔ ግን ካሜራ የለኝም፣ ሬዲዮ የለኝም፣ ገንዘብ የለኝም፤ ከመቼውም ይልቅ ደሃ በሆንኩበት ቀን ነው ሰው ሁሉ ትርፌን የሚያበስረኝ። ምኑን እንዳተረፍኩ ልጠይቅ ብዬ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ሐጂ እንደ ድሮው ረጋ ብለው አስረዱኝ። ገባኝ። በር ላይ ስደርስ ጠፋኝ።

አዲስ ዓመት መጣ፣ ፎቶ ቤቱም ተዘጋ። መስቀል አለፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሣጥኑን ከፍቼ ባዶውን አየዋለሁ። ጥቅምት ሲገባ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ፤ አቶ ተሰማ ዕቃ ስለመጣልዎት ቀርበው ይረከቡ ትላለች። ይዣት ወደ ዕቃ መረከቢያው መስኮት ሮጥኩ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ወረቀቷን ተቀብላ አየችኝ።

«ባለቤቱ ራሳቸው ይምጡ፤ መታወቂያቸውን ይዘው» አለች።

«አባቴ ነው» አልኳት።

«ይምጡ ነዋ።»

እንግዲህ እዚህ ጋ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። ሞቷል ማለት አንድ ቃል ነው። በለቅሶው ጊዜ ስንት ሰው ሲለው ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ከአፌ አውጥቼው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። «አሞታል» አልኩ። ሴትዮዋ ፊቷ ለስለስ አለ። እንግዲያው መታወቂያውንና የውክልና ወረቀት ይዘህ ና፣ እግዚአብሔር ይማርልህ አለችኝ። አሜን ብዬ ወጣሁ። ከፖስታ ቤት እስከ ሜክሲኮ የሄድኩበትን መንገድ አላስታውስም።

የአባቴ መታወቂያ ያለው እናቴ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ከወረቀቶቹ ሁሉ ጋር ነው። ቤት ስገባ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ምስር ትለቅም ነበር። ሁሉንም ልናዘዝ አስቤ ጀመርኩ፤ «በአባዬ ስም ከውጭ ዕቃ መጥቷል» አልኳት። ቀጥሎ ያለውን ልናገር ስል ሰፌዱን አስቀመጠችው።

«ልከውለት ነው?» አለች።

ያን ፊቷን ካየሁ በኋላ ኑዛዜዬን ተውኩት። ከሬዲዮ ጣቢያዎቹ ነው፣ ደህናው ዕቃ ነው ብላ እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አደረገች። መታወቂያውንና ለጡረታው ብላ ከፍርድ ቤት ያወጣችውን የወራሽነት ወረቀት በፌስታል ይዛ ቀድማኝ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ፈጥና ትሄድ ነበር፤ አረማመዷ የአባቴን የቅዳሜ አረማመድ ይመስላል።

ባለመነጽሯ ሴትዮ የወራሽነቱን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «አሟቸዋል ብለኸኝ አልነበር?» አለች።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እናቴ ወደ እኔ አልዞረችም።

«አዎ፣ አሞት ነበር» አለች።

ሴትዮዋ ሁለታችንን አይታ ማኅተሟን አነሣች። ሣጥኑን በልጁ ስም አዙሩት ብላ በደግነት መከረችን፤ እናቴ ይቆይ አለች። ቀረጡ በአዲሱ ምንዛሬ ነው የተሰላው። በምንዛሬው ያተረፍኩት ነገር ከነበረ እዚያ መስኮት ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ወይም አልቀረም፣ እስካሁን አላጣራሁም። እናቴ ከመቀነቷ ፈታ ከፈለች። የምትፈርምበትን ሲያሳዩዋት በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ትልልቅ ፊደል ቀስ ብላ ጻፈች። ደረሰኙን ሲሰጡኝ አየሁት፤ የጻፈችው ተሰማ ብላ ነው።

ካርቶኑን ቤት ወስደን ጠረጴዛው ላይ፣ የሬዲዮው ቦታ ላይ ከፈትነው። ካሜራው ጥቁር ነው፤ አዲስ ቆዳና ዘይት ይሸታል። ጎረቤት መጣ። እናቴ ነካችው፣ አገላበጠችው፣ ከዚያም ሁሉም እየሰማ «ለአንተ አስቦ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰፈሩ ሁሉ ተሰማ ከሞተ በኋላ ለልጁ ካሜራ ላከለት እያለች ተረከች። ለለቅሶ የመጣው ሰው እንደገና ለምርቃት መጣ። እኔም አላስተባበልኩም። ሐጂ ሰዒድም ሲሰሙ ምስጢሬን አላወጡም፤ ብቻ ባገኙኝ ቁጥር ሥራ እንዴት ነው ይሉኛል።

ሥራ ደህና ነበር። ክርስትና፣ ሠርግ፣ ምረቃ አነሣሁ። የግንቦት ልደታ ዕለት የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን በየሰፌዱ አቅርቦ ሲመራረቅ አንድ በአንድ አነሣኋቸው፤ ስንዴና ሽምብራ በእጃቸው እንደያዙ። እናቴ ጥቁሯን አውልቃ ነበር። በዚያ ሳምንት ገንዘቡ ሞላልኝና ሬዲዮውን ላወጣ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ገንዘቡን አልተቀበሉኝም።

«ሬዲዮው እዚህ የለም። እትዬ አስካለ ወስደውታል» አሉኝ።

መቼ አልኳቸው። እናትህ ሰኔ ላይ ጥጥ ሊገዙ መጥተው አዩት አሉ፤ ምንም አልጠየቁኝም፣ ፈትል ብፈትልልዎ ይለቁልኛል ወይ ብቻ አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ፈትለው አስረከቡኝ፤ መስቀል ሰሞን ጨርሰው ወሰዱት። ጋቢ ብዬ የጠበቅሁት ያ ሁሉ ፈትል ሐጂ ሱቅ ገብቶ ተሸጧል። ጥቅምት ላይ ከእኔ ጋር ፖስታ ቤት ስትሄድ ሁሉንም ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ገንዘቡን በእጄ እንደያዝኩ ቤት ገብቼ በሩ ላይ ቆምኩ። እናቴ ፊቴን አየች፣ ገንዘቡን አየች። ተነሥታ የእንጨት ሣጥኗን ከፈተች፣ ሬዲዮውን ከልብሷ ሥር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ዳንቴሉን አለበሰችው።

«ተጠግኖ መጥቷል» አለች።

ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቅኋት።

«እኔ ምኑን አውቃለሁ። ደህና ነው ብለዋል።» ከዚያ በአገጯ ወደ እጄ አመለከተች፤ «በዚያ የፖስታ ሣጥኑን ኪራይ ክፈል።»

ስለዚህ ነገር ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ሰፈሩ ሲፈርስ ከጌጃ ሰፈር ወደዚህ ኮንዶሚኒየም አብራኝ መጣች፤ አራተኛ ፎቅ መውጣቱን እያማረረች ዓመታት ኖረችበት። እስክትሞት ድረስ ካሜራውን አባቱ የላከለት ማለቷን አልተወችም። አንድ ቀን ለሕሊና ስታወራ ከጓዳ ሆኜ ሰማኋት፤ «አያትሽ ብልህ ሰው ነበር፣ ብር ሳይወርድ ነው ያስመጣለት» ትላታለች። ልስቅ ነበር፤ ዕንባዬ ቀደመኝ። ታውቃለች። የሐጂን ምክር ሳይቀር ታውቃለች። ታዲያ ለማን ነበር የምትዋሸው? ለእኔ እንዳይሆን ካሜራውን ያስመጣሁት እኔ ነኝ፤ ለራሷ እንዳይሆን ስንት ሸክም ጥጥ ፈትላበታለች። ይህንን ከምንዛሬው የበለጠ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ እንደ ምንዛሬውም ገባኝ ስል ይጠፋኛል። አንዳንድ ቀን እንደውም እሷ እውነቷን ነበር እላለሁ። ሬዲዮው የእሱ ነው፣ ሣጥኑ የእሱ ነው፣ የመጣበትም ስም የእሱ ነው። ሬዲዮውን ያስመለሰው ድካም የእሷ ነው። የእኔ ምኑ ነበር?

«አባዬ፣ ተኛህ እንዴ?» አለችኝ ሕሊና።

አልተኛሁም አልኳት፤ አሁኑኑ ግዢው፣ ለምን እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ። ሳቀችና መጻፍ ጀመረች። ልጁ ሲደርስ ዕቃውን ለማን እንደሚያስረክብ ስምና ስልክ ላኪ ብሏት ነበር። ስሟን ጽፋ ስትጨርስ አጥፊው አልኳት።

«በእኔ ስም አድርጊው።»

«አንተ ራስህ ሄደህ መቀበል አለብህ እኮ። ደረጃውን ወርደህ፣ ታክሲ ይዘህ…»

«እሄዳለሁ» አልኳት። የአባቴ ስም ያለበት ደረሰኝ አሁንም ካሜራው ቦርሳ ውስጥ አለ። ባለቤቱ ራሱ ይምጣ ሲሉ አባቴ መምጣት አልቻለም፤ እኔ ግን የምችልበት ጊዜ ገና አላለፈኝም።